ፍላሹ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ እኔ የጻፍኩት ድራይቨር ላይ ግን ይቆማል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ለአንዲት ትንሽ ቦርድ የራሴን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየጻፍኩ ነው። የዩኤስቢ ፍላሽና ካርድ ሪደር የሚያነብ ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም፣ ሠርቻለሁ። አብዛኛው ፍላሽ ይሠራል፤ ሦስት ዕቃዎች ግን አስቸገሩኝ። አንዱ ፍላሽ ገና እንደተሰካ ዝም ይላል። ሌላው የመጨረሻዎቹ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ የዳታ ክፍሎች) ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሦስተኛው ካርድ ሪደር ነው፤ አንዴ ስህተት ካጋጠመው በኋላ የተሳሳተ ዳታ ይመልሳል። ሦስቱም ዊንዶውስ ላይ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ዕቃዎቹ ጤነኛ ናቸው። የመጠበቂያ ጊዜውን ወደ 2 ደቂቃ አሳደግኩት፣ ያልተሳካ ኮማንድ 10 ጊዜ እንዲደገምም አደረግኩ። ለውጥ የለም። አሁን በየዕቃው መለያ ቁጥር ልዩ አሠራር ልጽፍ ነው። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው?»

አይደለም። መለያ ቁጥር መያዝ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ድራይቨርዎ ውስጥ መስተካከል ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፦ ዕቃውን የሚጠይቁበት መንገድ፣ እና ከስህተት በኋላ የሚነሱበት መንገድ። ከሦስቱ ችግሮችዎ ሁለቱ በመጀመሪያው ይፈታሉ፣ አንዱ በሁለተኛው። ሦስቱም መለያ ቁጥር የሚፈልጉ አይመስለኝም።

መጀመሪያ «ዊንዶውስ ላይ ስለሚሠራ ጤነኛ ነው» የሚለውን እናስተካክል። ፍላሾች የሚናገሩበት ደንብ በ1999 የወጣ ነው፤ በተለምዶ ቢኦቲ ይባላል። ደንቡ አጭርና ግልጽ ነው። ርካሽ ፍላሽ የሚሠራ ፋብሪካ ግን ደንቡን ዘርግቶ እያንዳንዱን አንቀጽ አይፈትሽም። ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ይሰካዋል፤ ፋይል ገልብጦ ከሠራለት ያሽገዋል። ስለዚህ ፈርምዌሩ (ዕቃው ውስጥ ያለው ፕሮግራም) የተፈተነው ዊንዶውስ በሚጠይቃቸው ጥቂት ጥያቄዎች፣ ዊንዶውስ በሚጠይቅበት ቅደም ተከተልና መጠን ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ የሆነ ጥያቄ፣ በደንቡ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ፣ ማንም ሞክሮት አያውቅም። ዕቃው «አልገባኝም» ብሎ መመለስ ሲገባው ይደርቃል። ዕቃው ደንቡን ጥሷል፤ ግን ተጠቃሚው የሚወቅሰው የእርስዎን ድራይቨር ነው። ከእሱ አንጻር ልክ ነው፤ እዚያ ይሠራል፣ እዚህ አይሠራም።

የሊኑክስ ድራይቨር ጸሐፊዎች ይህን በመከራ ተምረውታል። ኮዳቸው ውስጥ የተጻፉትን ማስታወሻዎች ቢያነቡ እያንዳንዱ መስመር ጀርባ አንድ የደረቀ ፍላሽ አለ። ለምሳሌ ኢንኳየሪ የሚባለው ኮማንድ ዕቃው ራሱን እንዲያስተዋውቅ የሚጠይቅ ነው። ደንቡ ከ36 ባይት በላይ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ከ36 በላይ ሲጠየቁ የሚሞቱ ዕቃዎች ግን ሞልተዋል። ስለዚህ ሊኑክስ የዩኤስቢ ዕቃ ላይ 36 ባይት ብቻ ይጠይቃል። የዲስኩን ቅንብር የሚጠይቀው ሞድ ሴንስ የሚባለው ኮማንድም እንዲሁ ነው። ብዙ ዲስኮች የሚቀበሉት ርዝመቱ 192 ባይት ከሆነ ብቻ ነው። ለምን 192? ዊንዶውስ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ። ማስታወሻው ይህንኑ በግልጽ ይናገራል። ሌላ ምክንያት የለውም።

የመጀመሪያው ፍላሽዎ፣ ገና ሲሰካ ዝም የሚለው፣ ከዚህ ወገን እንደሆነ እገምታለሁ። ግምቴን ለማረጋገጥ ግን መንገድ አለ፤ እባክዎ አይዝለሉት። ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ዩኤስቢፒካፕ ይጫኑ። ሊኑክስ ካለዎት ዩኤስቢሞን ይበቃል። ፍላሹን ሰክተው የሚያልፈውን ሁሉ ይመዝግቡ፤ በዋየርሻርክ ይክፈቱት። ከዚያ የእርስዎን ድራይቨር ምልልስ ከጎኑ አስቀምጠው መስመር በመስመር ያነጻጽሩ። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ጎልቶ ይታያል፦ የተለየ ርዝመት፣ ያልተጠየቀ ገጽ፣ ወይም ዕቃው ሳይነሳ በጣም ቶሎ የተላከ ኮማንድ። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን ሊኑክስም ዲስኩን ከመጠየቁ በፊት ሆን ብሎ ይቆያል። ድሮ 5 ሰከንድ ይጠብቅ ነበር፤ በኋላ ወደ 1 ዝቅ ተደረገ። «ውስጥህ ስንት ዲስክ አለ?» ለሚለው ጥያቄ ስቶል (ጥያቄውን እንደማይቀበል የሚገልጽ ምልክት) የሚመልስ ዕቃም ያጋጥማል። ያን እንደ ስህተት አይቁጠሩት። አንድ ብቻ አለው ብለው ይቀጥሉ፤ ደንቡም ይፈቅዳል።

የማስተላለፊያ መጠኑም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በአንድ ኮማንድ ብዙ ሜጋባይት መጠየቅ ፈጣን ይመስላል። ሊኑክስ ግን ለተራ የዩኤስቢ 2 ዕቃ በአንድ ጊዜ ከ240 ሴክተር፣ ማለትም ከ120 ኪሎባይት አያልፍም። አንዳንድ የቆዩ የጄኔሲስ ሎጂክ ቺፖች ላይ ደግሞ ወደ 64 ሴክተር ይወርዳል። በኮማንዱና በዳታው መካከልም 100 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ዕረፍት ይፈልጋሉ። እርስዎ በ64 ሴክተር ይጀምሩ። ፍጥነቱን በኋላ ይጨምሩታል።

ሁለተኛው ችግርዎ የታወቀ ነው። ሪድ ካፓሲቲ የሚባለው ኮማንድ የሚመልሰው የሴክተሮቹን ብዛት አይደለም፤ የመጨረሻውን ሴክተር ቁጥር ነው። መቁጠር ከ0 ስለሚጀምር ብዛቱን ለማግኘት 1 ይደምራሉ። ስንት ፈርምዌር ጸሐፊ እዚህ ላይ እንደተሳሳተ ቢያዩ ይገርምዎታል። 15,728,640 ሴክተር ያለው ፍላሽ 15,728,639 ብሎ መመለስ አለበት። የተሳሳተው 15,728,640 ይላል። እርስዎ 1 ደምረው 15,728,641 ያደርጉታል። ከዚያ የሌለ ሴክተር ይጠይቃሉ፤ ዕቃውም ይደርቃል። ቁጥሩን ልብ ብለው ይዩት፤ ጎዶሎ ነው። የእውነተኛ ዲስክ የሴክተር ብዛት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጥንድ ቁጥር ነው፤ ለ2 እኩል ይካፈላል። ሊኑክስ በሚጠረጥራቸው ዕቃዎች ላይ ይህችን ምልክት ይጠቀምባታል፤ ብዛቱ ጎዶሎ ከሆነ 1 ይቀንሳል። ግን ይጠንቀቁ። ጂፒቲ የሚባለው የክፍልፍል ሠንጠረዥ መጠባበቂያ ቅጂ የሚቀመጠው ልክ የመጨረሻው ሴክተር ላይ ነው። ብዛቱን ያለአግባብ ከቀነሱ ቅጂውን አያገኙትም። ስለዚህ ጎዶሎ ሲሆን ብቻ ይቀንሱ፤ ሲቀንሱም መዝገብ ላይ ይጻፉት።

ሌላ የሚመሳሰል በሽታም አለ። ብዛቱ ትክክል ሆኖ፣ የመጨረሻው ሴክተር ከሌሎች ጋር በአንድ ኮማንድ ሲነበብ የሚቆሙ ካርድ ሪደሮች አሉ። ብቻውን ሲነበብ ይሰጣሉ። የሊኑክስ መፍትሔ በጣም ደስ ይለኛል። የመጨረሻዎቹን 8 ሴክተሮች አንድ በአንድ ያነባል። ይህን የሚያደርገው ለሁሉም የዩኤስቢ ዲስክ ነው። የፍጥነት ጉዳቱ ከቁጥር ስለማይገባ ጤነኛውንም በሽተኛውንም እኩል ይይዛል። ማን በሽተኛ እንደሆነ መለየት አያስፈልግም፤ መለያ ቁጥር አያስፈልግም። ለጥያቄዎ ዋናው መልስ ይኸው ነው። ጥንቃቄው ርካሽ ከሆነ ለሁሉም ያድርጉት።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ካርድ ሪደሩ እንምጣ። ይህ በጣም ያሳስበኛል። የሚደርቅ ዕቃ ያናድዳል እንጂ ፋይል አያጠፋም። የተሳሳተ ዳታ የሚመልስ ግን ያጠፋል። ከምልክቱ ስነሳ ጥፋቱ የዕቃው ብቻ አይመስለኝም። አብዛኛው የእርስዎ ድራይቨር ነው፤ በተለይም 10 ጊዜ የሚደግመው ክፍል።

እንዴት እንደሚሆን ልንገርዎ። እያንዳንዱ ኮማንድ በ31 ባይት ፓኬት ይሄዳል። ከዚያ ዳታው ይተላለፋል። በመጨረሻ ዕቃው በ13 ባይት ፓኬት «ጨርሻለሁ» ይላል። የመጀመሪያው ፓኬት ውስጥ እርስዎ የሚሰጡት ተራ ቁጥር አለ፤ የመጨረሻው ፓኬት ያንኑ ቁጥር መመለስ አለበት። አሁን ሴክተር 1000ን ጠየቁ እንበል። ዕቃው ዘገየ፤ የመጠበቂያ ጊዜው አለፈ። ድራይቨርዎ ኮማንዱን ሰርዞ አዲስ ላከ፤ ሴክተር 5000ን። ዕቃው ግን አልሰማም። እሱ ገና 1000ን ሊልክ እየተዘጋጀ ነው። ዳታው ሲመጣ ድራይቨርዎ የ5000 ነው ብሎ ይቀበለዋል። ከዚያ በኋላ ሁሉም መልስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የቀረ ነው። ፋይል ሲስተሙ በዚህ ዳታ ላይ ተመርኩዞ መልሶ መጻፍ ከጀመረ ካርዱ አለቀለት።

ስለዚህ መድገም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የመጠበቂያ ጊዜው ካለፈ በኋላ አዲስ ኮማንድ ከመላክዎ በፊት ከዕቃው ጋር እንደገና መግባባት አለብዎት። ደንቡ ቅደም ተከተሉን ያስቀምጣል። መጀመሪያ የመደቡን ሪሴት ጥያቄ፣ ማለትም ለዲስክ ዓይነት ዕቃዎች የተወሰነውን የ«እንደገና ጀምር» ጥያቄ፣ ይልካሉ። ቀጥሎ የማስገቢያውን ኤንድፖይንት (ዳታ የሚያልፍበትን መስመር) ስቶል ያጸዳሉ። ከዚያ የማስወጫውን። እንዲሁም 13 ባይቱ ሲመጣ ተራ ቁጥሩን ሁልጊዜ ያመሳክሩ። ካልገጠመ ዳታውን ይጣሉት፤ ሪሴት ያድርጉ። እዚህ ላይ ምሕረት የለም።

እዚህ ቦታ አንድ ጉድጓድ አለ፤ እኔም ወድቄበት ሁለት ሌሊት አቃጥያለሁ። ዩኤስቢ ፓኬቶችን 0 እና 1 እያፈራረቀ ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ቶግል ይባላል። ስቶሉን ሲያጸዱ ዕቃው ቶግሉን ወደ 0 ይመልሳል። በእርስዎ በኩል ዩኤስቢውን የሚያንቀሳቅሰው ቺፕ፣ ኮንትሮለሩ፣ ግን ካልነገሩት አይመልስም። እሱ 1 እየጠበቀ 0 ሲመጣለት «ይህማ የተደገመ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ይባስ ብሎ ለዕቃው «ደርሶኛል» ይለዋል። አንድ ሙሉ ፓኬት ያለ ምንም ስህተት ጠፋ ማለት ነው። ኮንትሮለሩ ኤክስኤችሲአይ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ኤንድፖይንቱን ሪሴት የማድረጊያና የወረፋውን መነሻ የማስተካከያ ሁለት የራሱ ትእዛዞች አሉት። ሁለቱንም ይስጡ። ካርድ ሪደርዎ ከመጀመሪያው ስህተት በኋላ ብቻ መበላሸቱ ወደዚህ ቦታ በጣም ይጠቁማል።

ደንቡ ያስቀመጠውን ሪሴት ራሱን በትክክል የማይሠሩ ዕቃዎችም አሉ። ሊኑክስ በተግባር ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። መጀመሪያ ፖርቱን በሙሉ ሪሴት ያደርጋል፤ ያ ካልተቻለ ብቻ ወደ መደቡ ሪሴት ይሄዳል። እርስዎም እንዲሁ እንዲያደርጉ እመክራለሁ። ፖርት ሪሴት ዕቃው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ሲሰካም የሚያልፈው በዚያው ነው። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ዕቃው ሌላ አገልግሎትም ካለው፣ ለምሳሌ አብሮት ኪቦርድ ካለ፣ ሪሴቱ እሱንም ይነካዋል። ከሪሴቱ በኋላም ዴስክሪፕተሮቹን (ዕቃው ስለራሱ የሚሰጠውን መግለጫ) እንደገና አንብበው ከበፊቱ ጋር ያመሳክሩ። ከተለወጡ ዕቃው ተነቅሎ ሌላ እንደተሰካ ይቁጠሩት። የድሮውን ፋይል ሲስተም አዲስ ዕቃ ላይ እንዳይጽፉ።

የ2 ደቂቃውን የመጠበቂያ ጊዜ ይመልሱት። ሊኑክስ ለዲስክ ኮማንድ 30 ሰከንድ ይሰጣል፤ ተኝቶ ለሚነሳ ሃርድ ዲስክ ይበቃል። በ30 ሰከንድ ያልመለሰ ፍላሽ በ2 ደቂቃም አይመልስም። ድግግሞሹንም ወደ 5 ያውርዱት፤ በየመካከሉ ሪሴት ይኑር። ከ5 በኋላ ዕቃውን ከአገልግሎት ያውጡትና ስህተቱን ለጠየቀው ፕሮግራም በግልጽ ይመልሱ። ያልተሳካ ጽሑፍን እንደተሳካ አድርጎ ማለፍ በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

ምን መታገስ፣ ምን አለመታገስ እንዳለብዎ መለየት ከባዱ ሥራ ነው። የሚታገሡት አለ። ለምሳሌ 13 ባይቱ መጀመሪያ ላይ ደንቡ የወሰነው ፊርማ መኖር አለበት። የተለየ ፊርማ የሚልኩ ዕቃዎች ተገኙ። ሊኑክስ ታዲያ መጀመሪያ ያየውን ፊርማ ያስታውስና ዕቃው ከዚያ በኋላ በእሱ እንዲጸና ይጠብቃል። ከዳታው በኋላ ባዶ ፓኬት የሚጨምሩም አሉ። ባዶ ከመጣ አንድ ጊዜ ደግሞ ማንበብ ነው። «ይህን ያህል ባይት ቀርቷል» የሚለውን ቁጥር ዝም ብለው የሚፈጥሩም አሉ። እነሱን ለመያዝ ሊኑክስ ብልሃት አለው። 36 ባይት ኢንኳየሪ ጠይቆ 36ቱም በእጁ ከገቡ በኋላ ዕቃው «ይቀራል» ካለ፣ ከዚያ ወዲያ ያን ቁጥር አያምነውም። ዕቃውን በባሕርይው ያውቀዋል እንጂ በስሙ አይደለም።

የማይታገሡት ደግሞ ከማኅደረ ትውስታ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ነው። ከዕቃው የሚመጣ ርዝመት፣ ብዛት፣ ዴስክሪፕተር ሁሉ ውሸት ሊሆን ይችላል ብለው ይጻፉ። በ2014 ባድዩኤስቢ የተባለው ጥናት የፍላሽ ፈርምዌር ተለውጦ ጥቃት ሊፈጽም እንደሚችል ለዓለም አሳይቷል። ስለዚህ ዕቃው በሚነግርዎ ርዝመት ወደ ባፈር (ወደ ጊዜያዊ የዳታ ማስቀመጫ) አይቅዱ፤ እውነት የደረሰውን ባይት ይቁጠሩ። ባፈሩንም ስታክ ላይ አያስቀምጡ። በስህተት ማስተካከያ መንገድ ላይ ማኅደረ ትውስታ መጠየቅም አደገኛ ነው። ሲስተሙ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ዲስክ ላይ ሊጽፍ ይችላል፤ ዲስኩ ደግሞ እርስዎን እየጠበቀ ነው። ሁለታችሁም ትቆማላችሁ። የሚያስፈልገውን ዕቃው ሲሰካ አስቀድመው ይያዙ።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላም የሚያስቸግር ዕቃ ይቀራል። የመለያ ቁጥር ዝርዝር ቦታው እዚህ ነው። ሊኑክስም እንዲህ ያለ ዝርዝር አለው፤ ረጅም ነው። ግን መለያ ቁጥር እርስዎ እንደሚያስቡት አያስተማምንም። ቁጥሩ የቺፑ ነው፤ ቺፑ በብዙ የተለያዩ ማቀፊያዎች ውስጥ ይገባል። ኤኤስሚዲያ የሚባለው ቺፕ አምራች ጥሩ ምሳሌ ነው። ኤኤስኤም 1051 የሚባለው ቺፕ ዩኤኤስ የሚባለውን ፈጣኑን አሠራር በትክክል አይሠራም። ኤኤስኤም 1053 ይሠራል። ሁለቱ ግን አንድ መለያ ቁጥር የሚይዙበት ጊዜ አለ። ሊኑክስ የሚለያቸው በዩኤስቢ 3 ሲሰኩ በሚደግፉት የስትሪም ብዛት ነው። 1051ዱ 32 ይላል፣ የመጀመሪያዎቹ 1053ቶች 16። በቁጥር ብቻ ቢፈርዱ ኖሮ ወይ ጤነኛው ይቀጣ ነበር፣ ወይ በሽተኛው ያልፍ ነበር።

ስለዚህ ዝርዝር ውስጥ ሲያስገቡ የአምራቹንና የዕቃውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የስሪት ቁጥሩን ከዚህ እስከዚህ ብለው ይገድቡ። የትኛው ምልክት እንደታየ ከጎኑ ይጻፉ። ዝርዝሩንም ድራይቨሩን እንደገና ሳይገነቡ ከውጭ መለወጥ የሚቻል ያድርጉት። ሊኑክስ ላይ ሲነሳ በሚሰጥ አንድ መለኪያ ብቻ ለአንድ ዕቃ ዩኤኤስን ማጥፋት ይቻላል። ራስበሪ ፓይ ላይ ኤስኤስዲ የሰካ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እርስዎ ለጊዜው ዩኤኤስን ጭራሽ አይንኩት። ቢኦቲው ይጽና መጀመሪያ።

ድራይቨር የማይፈውሳቸውም አሉ። ኃይል ያነሰው ዕቃ ልክ እንደተበላሸ ፈርምዌር ይሆናል። የዩኤስቢ 2 ፖርት የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ትናንሽ ቦርዶች ላይ ያንንም በሙሉ ላያገኙ ይችላሉ። ኮድ ከመንካትዎ በፊት የራሱ ኃይል ያለው ሃብና ሌላ ገመድ ይሞክሩ። ሌላው አቅሙን የሚዋሽ ፍላሽ ነው። ላዩ 64 ጊጋ ይላል፣ ውስጡ 8 ነው። ሁሉንም ኮማንድ «ተሳካ» እያለ ይቀበላል፤ ዳታው ግን የለም። ገበያው በእነዚህ ተጥለቅልቋል። ኤፍ3 በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፈው አንብበው ያረጋግጡ። ከዋሸ ይጣሉት፤ ለእሱ ኮድ አይጻፉ።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን። ዛሬ ተራ ቁጥር ማመሳከሪያውን ይጨምሩ፣ የቶግሉን ነገር ይፈትሹ፣ ድግግሞሹን ከሪሴት ጋር ያስሩ። ነገ የዊንዶውስን ምልልስ መዝግበው 36 ባይቱን፣ 192ቱንና 64 ሴክተሩን ያስገቡ። ከዚያ የጎዶሎ ብዛቱን ማስተካከያና የመጨረሻዎቹን 8 ሴክተሮች። ሦስቱን ዕቃዎች እንደገና ይሞክሩ። መለያ ቁጥር የሚጽፉት ይህ ሁሉ አልቆ የሚቀር ካለ ብቻ ነው። ካርድ ሪደሩን ደግሞ ተራ ቁጥር ማመሳከሪያው እስኪገባ ድረስ ለንባብ ብቻ ይክፈቱት፤ የሰው ፎቶ ያለበት ካርድም አያስገቡበት።